መንገድ የሚያስቀር ቅባት

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ሦስት ቅባት መስታወቱ ላይ ደረደረና «ለማን ነው?» አለኝ።

«ለእኔ ነው» አልኩት።

ዓይኑ ወደ እጄ ሄደ። እጄ ላይ ምንም የለም። የት አካባቢ እንደሚያሳክከኝ ሲጠይቀኝ እግሬን አልኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ አሳዪኝ አላለም። ደረቱ ላይ ብሥራት የሚል ስም ተለጥፏል። ቆዳዬ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ሽታ ያለውን እንድተው፣ ከቀጭኑ ወፍራሙን እንድመርጥ፣ ከታጠብኩ በኋላ ውኃው ጨርሶ ሳይደርቅ እንድቀባ በዝግታ አስረዳኝ። መንገድ ተዘግቶ ስለሰነበተ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነበር። ካሉት ሦስቱ አንዱ ይሸታል፣ አንዱ ውኃ ነው፣ አንዱ ሞራ የመሰለ፣ ነጭ፣ ምንም የማይሸት ነው። ሦስተኛውን ጠቀለለልኝ።

«መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ትንሽ ሞክሪው» አለኝ። «ሁለት ቀን እዪው። የሰው ቆዳ አይመሳሰልም፣ ራስሽ ላይ ነው መሞከር ያለብሽ።»

ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ሠላሳ ዓመቴ ነው። ሦስት ከተማ ውስጥ ተምሬአለሁ፣ አንዱ ከባሕር ማዶ ነው። ተመልሼ እዚህ ማስተማር ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ቅባቱ ለማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ውሸቱ ከሐሳቤ ቀድሞ ይወጣል። ውሸቱን የተማርኩት እዚሁ እንጅባራ፣ ከዚህ መድኃኒት ቤት ሁለት መንገድ ከፍ ብሎ በነበረ ሱቅ ውስጥ ነው፣ በስምንት ዓመቴ።

እትዬ ወርቄ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ሙሉ ስሟ ወርቅአየሁ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። የምትተኛው ከእኔ ጋር ነው፣ የምትሰፋው መስኮቱ ሥር፣ የቀርከሃ በርጩማ ላይ ተቀምጣ። የስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው። ስትሰፋ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ክረምት በጆሮዬ የቀረው የዝናቡና የመኪናው ድምፅ ነው። አንዳንዴ መኪናው በመሐል ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ እትዬ ወርቄ አንዱን እግሯን በሌላው ታሻለች፤ ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያ የእግሯን ጀርባ፣ ከዚያ ውስጥ እግሯን፣ ከካልሲው በላይ፣ ዓይኗን ጨፍና። ደስ እያላት ይመስለኝ ነበር።

ካልሲ ከእግሯ አይጠፋም። በሰፈራችን ቤት ውስጥ ካልሲ የምታደርግ ሴት ሌላ አልነበረችም። የከተማ ሰው ስለሆነች ነው እያልኩ ለጓደኞቼ እኮራባት ነበር።

አንድ ቀን ለምን ሁልጊዜ እንደምታክክ ጠየቅኋት። ሳቀች።

«እግርን ሲበላ መንገድ ነው» አለችኝ።

ይህን እኔም አውቃለሁ። እጁን የበላው ገንዘብ ያገኛል፣ ውስጥ እግሩን የበላው መንገድ ይሄዳል፤ ማንም የሚለው ነው። የት ልትሄድ እንደሆነ ስጠይቃት በመስኮቱ ወደ አስፋልቱ አየችና ዳንግላ ይሆናላ አለችኝ።

ዳንግላ መሳፍንት አለ። መሳፍንት አንድ ዓመት እኛ ትምህርት ቤት አስተምሮ ወደ አገሩ የተዛወረ፣ አንገተ ረጅም፣ ሰው ሲያናግረው የሚያፍር መምህር ነው። ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጡ። ዘር ተጠየቀ፣ እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ምንም እንዳልተገኘ እናቴ ለጎረቤት ስታወራ ሰማሁ። ምኑ እንዳልተገኘ ግን አላወቅሁም። የጠፋባቸው ዕቃ ያለ መስሎኝ እኔም አልጋ ሥር ፈልጌላቸው ነበር።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። እትዬ ወርቄ ከሄደች ብቻዬን ነኝ። እናቴ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ስለነበረች ጎህ ሲቀድ ትወጣለች። አባቴ ጫግኒ እህል ይነግዳል፣ ብቅ የሚለው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ስታመም ግንባሬን የምትዳስሰው፣ ነጎድጓድ ሲሆን ጆሮዬን የምትይዝልኝ እሷ ናት። ስለዚህ ያን እግር እጠላው ጀመር። ባከከች ቁጥር ዳንግላ አንድ እርምጃ ወደ እኛ የሚጠጋ ይመስለኝ ነበር።

እናቴና እትዬ ወርቄ ቀልዱን፣ ቁጣውን፣ ሐሜቱን በአማርኛ ያወራሉ። ሞትና በሽታ በአውንግኛ ነው። እኔን ለትምህርቷ ይጠቅማታል ብለው በአማርኛ ብቻ ነው ያሳደጉኝ። ሽማግሌዎቹ ከመጡ ወዲህ ቤት ውስጥ አውንግኛው በዛ። ከንግግራቸው የምለየው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፣ እግርና ፈረስ። በፈረስ ሊወስዷት ነው ብዬ ደመደምኩ። ዘንገና መንገድ ላይ ያጌጡ ፈረሶች ሙሽራ አጅበው ሲሄዱ አይቻለሁ። አንዳንዴ እናቴ እያለቀሰች ስለ ፈረስ ስትጠይቃት እሰማና፣ ሠርግ እንዲህ ከሆነ እኔ አላገባም እላለሁ።

ዛሬ የፈረሱን ነገር አውቃለሁ። ፈረስ የሞተበትን መሬት በባዶ እግሩ የረገጠ ሰው እግሩ ያብጣል ይባል ነበር። እናቴ እህቷን በልጅነቷ የት የት እንደረገጠች ነበር የምትጠይቃት። ዝሆኔ ይሉታል። መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ያብጣል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመኖር እንደሚመጣ፣ ጫማና ንጹሕ ውኃ እንደሚከላከለው ያኔ የነገራቸው አልነበረም። የሚያውቁት በዘር ይሄዳል የሚለውን ነው። እግር ያበጠበት ቤት ልጅ አይሰጡትም፣ ልጅም አይወስዱለትም። የእትዬ ወርቄ እግር አላበጠም። ይበላት ነበር፤ እሱም ለወሬ ይበቃል።

ወደ ጋሼ ደረሰ ሱቅ የሄድነው በአንድ ጭጋጋማ ጠዋት ነው። ጋሼ ደረሰ ጨውም፣ ክርም፣ ሚስማርም፣ ቅባትም የሚሸጥ፣ መነጽሩን በላስቲክ ያሰረ ሰውዬ ነበር። እትዬ ወርቄ ትከሻዬን ይዛ ወደፊት ገፋ አደረገችኝ።

«ለልጅቷ ነው» አለችው። «ቆዳዋ አስቸገረን። ሌት ተቀን ስትፈትግ ነው የምትውለው።»

እኔን ምንም አይበላኝም። ልናገር አፌን ስከፍት ብብቴ ሥር ቆነጠጠችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። ስጦታ ልትገዛልኝ ነው፣ ጋሼ ደረሰ ደግሞ ላልታመመ ሰው አይሸጥም። ወዲያው ክንዴን ማከክ ጀመርኩ። አንገቴንም ጨመርኩበት።

«ተይ ተይ፣ ቆዳሽን ለዓመት በዓልም አስቀሪለት» አለኝ ጋሼ ደረሰ። ሦስት ብልቃጥ አወረደ። አንዱ የጽጌረዳ፣ አንዱ የሎሚ፣ አንዱ ሲነኩት የሚቀዘቅዝ። ለሴት ልጅ ከሆነማ መዓዛ ያለው ይሻላል፣ መዓዛ የሌለው ቅባት ለጋሪ ጎማ ነው አለ። ከእያንዳንዱ በጣቱ እየጫረ ክንዴ ላይ በተርታ ቀባኝና እስኪታይ ድረስ ለአንድ ገበሬ ጨው ሊመዝን ሄደ። እትዬ ወርቄ ክንዴን ይዛ አላስነካም አለችኝ። ዓይኗን ከክንዴ ላይ አላነሣችም። እንደዚያ ቀን ሰው አተኩሮ አይቶኝ አያውቅም።

ምንም አልሆንኩም። «አየሽ፣ ሁሉም ተስማማት» አለ ጋሼ ደረሰ። እትዬ ወርቄ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ የቱ እንደሚሻል ጠየቀችኝ። ጽጌረዳውን አልኩ፤ እንደ ከረሜላ ይሸት ነበር።

ቤት ስንደርስ ብልቃጡን ይዛ መጋረጃው ኋላ ገባች። እኔ በር ላይ ቆሜ ስጦታዬን እጠብቃለሁ። ስትወጣ ቤቱ ሁሉ ጽጌረዳ ሆኗል፣ እሷ ካልሲዋን እያጠለቀች ነው። አኮረፍኩ። ያን ቀንም፣ በማግስቱም መኪናው ቶሎ ቶሎ ይቆም ነበር። በሦስተኛው ቀን ካልሲው ላይ ደም አየሁ። መርፌ ወጋኝ አለችኝ። ቅዳሜ ወደ ጋሼ ደረሰ ተመልሰን እኔን ክንዴን አስቀባችኝና ሎሚውን ወሰድን።

እንዲህ ነበር የምንመርጠው። እሷ ትታመማለች፣ የሚሞከርብኝ እኔ ነኝ። የእኔ ቆዳ ደግሞ ከሁሉም ነገር ጋር ይስማማል። የእሷ እግር ዝሆኔ እንዳልነበረ ሰው የነገራት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አንዲት የጤና ባለሙያ ቤት ለቤት ስትዞር አይታ፣ ሽቶና ናይለን የማይችል ቆዳ ነው አለቻት። ሽቶውን በሁለት ብልቃጥ ገዝተን አምጥተንላታል፣ በናይለን ካልሲ ደግሞ አሽገነዋል።

ሦስተኛው፣ የሚቀዘቅዘው፣ እንደ ሌሎቹ አላቃጠላትም። አደነዘዘላት መሰለኝ። በቀባችው ቁጥር መኪናው ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ ይሄዳል። አንድ ከሰዓት ከጎኗ ተቀምጬ ዝም ብዬ አዳመጥኩት። «አሁን አይበላሽም?» አልኳት። «አይበላኝም፣ ተመስገን» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ እንደዚያ ያለ እረፍት ሰምቼ አላውቅም።

የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እግሯን ካልበላት መንገድ የለም። ቅባቱ መንገዱን አስቀረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብልቃጡን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ እሱን አመጣላታለሁ፤ ከረሳች አስታውሳታለሁ፣ ከተሰላቸች እለምናታለሁ። አንቺ ልጅ ከእናቴ ትብሺያለሽ ብላ ግንባሬን ትስመኛለች። መጀመሪያ መጋረጃው ኋላ ብቻዋን ነበር የምትቀባው፣ በኋላ እኔ እንድቀባት ፈቀደችልኝ። እግሯ ሻካራ፣ ጥቁር፣ በጥፍር የተሰነጣጠቀ ነበር። እየቀባሁ በልቤ ዳንግላ አትሂድ፣ ዳንግላ አትሂድ እል ነበር።

የመሳፍንት እናት ወይዘሮ ምህረቴ ልጅቷን ልታይ ቅዳሜ በሚኒባስ መጣች። ሰፊ፣ ሳቂታ፣ ነጠላዋ ዝናብ የነካው ሴት። እናቴ ከአንድ ቀን በፊት ቤቱን ሦስት ጊዜ ጠርጋለች። ከመንገድ የገባ የተከበረ እንግዳ እግሩን ይታጠባል፤ የምታጥበው የቤቱ ሴት ልጅ ናት፣ ያን ቀን ደግሞ ሙሽራዋ። እናቴ ሞቅ ያለ ውኃ በሳፋ አቀረበች። እትዬ ወርቄ ግራጫ ካልሲዋንና ኮንጎ ጫማዋን እንዳደረገች ተንበርክካ ማጠብ ጀመረች። ተንበርክካ ስታጥብ የራሷ እግር ቀሚሷ ሥር ይሰወራል። ያን ቦታ ለምን እንደወደደችው ያኔ አላሰብኩም።

ወይዘሮ ምህረቴ አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ። «ይቺን ልጅ ይዣት ልሄድ ነው» አለችኝ ወደ እትዬ ወርቄ እያየች። «ትሰጪኛለሽ?»

«አትሄድም» አልኩ።

«ኧረ! ምነው?»

«እግሯን አይበላትማ። ድሮ ይበላት ነበር። በየቀኑ እየቀባኋት ተዋት። እግሩን ያልበላው ሰው መንገድ አይሄድም።»

የእትዬ ወርቄ እጅ ውኃው ውስጥ ቆመ። እናቴ ከሚገባው በላይ ሳቀች። «የልጅ ነገር ነው እትዬ ምህረቴ፣ አይስሟት» አለች፤ ወዲያው በአውንግኛ አንድ አጭር ነገር ወረወረችና ጀሪካን አስይዛ ከቦኖ ውኃ ቅጂ ብላ አስወጣችኝ። በርሜሉ ሙሉ እንደሆነ ልነግራት ነበር።

ቦኖው ጋ ሰልፍ ነበር። ስመለስ ወይዘሮ ምህረቴ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። የቀረበላትን አልቀመሰችም። ዓይኗ ቀልቷል። ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝና ምንም ሳትለኝ በጭጋጉ ውስጥ ወደ አስፋልቱ ወረደች። ሳፋው እንዳለ ነው። ከጎኑ ሁለቱ ግራጫ ካልሲዎች መሬት ላይ ወድቀዋል። ልታጥባቸው ነው ብዬ አነሣሁና ውኃው ውስጥ ከተትኳቸው።

አሸንፌ ነበር። ያን ቀን ሙሉ ስዘፍን ዋልኩ። እናቴ አንድ ጊዜ ልትመታኝ እጇን አንሥታ መልሳ አወረደችው። እትዬ ወርቄ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትረግጣለች፣ በባዶ እግሯ።

መሳፍንት አልመጣም። ለመስከረም እኔ አዲስ አበባ የአባቴ እህት ዘንድ ተላክሁ፣ እዚያ እንድማር። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ከእንግዲህ እትዬ ወርቄን ማን ይቀባታል ብዬ አለቀስኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ፣ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ፣ መምህሩ የአንድ ያበጠ እግር ሥዕል ሰሌዳው ላይ ለጠፈና ምልክቶቹን ሲዘረዝር «መጀመሪያ ማሳከክ» አለ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ የማውቀው ነገር ይህ ነው፤ የዚያችን ሴት ኑሮ የሰበረው የእኔ ምላስ ነው። ለዚህም ይሆናል የትም መቀመጥ የማልችለው። ወይም ይህም ሰበብ ነው፣ እንጃ።

ቅባቱን ሐሙስ ይዤላት ገባሁ። እናቴ አባቴን ተከትላ ጫግኒ ከገባች ቆይታለች፣ ቤቱ የእትዬ ወርቄ ብቻ ነው፤ ከተመለስኩ ወዲህ እኔም የማድረው እዚያው ነው። አላገባችም። ቅባት የሚባል ነገር ከዚያ ዘመን ወዲህ ወደ ቤቷ አላስገባችም፤ ሲብስባት በቀዝቃዛ ውኃ ትነክረዋለች፣ ያ ብቻ። ብልቃጡን አሸተተችው። «ይኼ ምንም አይሸትም፣ አታለሉሽ» አለችኝ። ክንዷን ሳብ አድርጌ ትንሽ ቀባኋት።

«በእኔ ላይ?» አለች።

«ባንቺ ላይ።»

ሁለት ቀን ጠበቅን። በየሰዓቱ ክንዷን እየገለበጠች ታያለች። ምንም አልሆነችም። ቅዳሜ ከሰዓት ውኃ አሙቄ በሳፋ አቀረብኩላት። ያበድሽ ነሽ፣ ሽማግሌ አደረግሽኝ አለች፣ በመጨረሻ ግን እግሯን ሰጠችኝ። እግሯ አላበጠም። ቆዳው እንደ አሮጌ የግራር ልጥ ሆኗል። አጥቤ፣ በፎጣ ነካ ነካ አድርጌ፣ ሳይደርቅ ወፍራሙን ቅባት አኖርኩበት። ሻንጣዬ አልጋው ሥር ነው። መንገዱ ከተከፈተ ሰኞ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሩቅ። አልነገርኳትም። ከመሄዴ በፊት ግን አንዱን ነገር ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«እትዬ፣ ያን ጊዜ እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ።»

«ምኑን?»

«የዳንግላውን። ለሴትዮዋ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፣ ብዙም ሳይሆን፣ አንዴ በአፍንጫዋ።

«ስንት ዘመን ተሸከምሽው?» አለችኝ። «ምህረቴ እኮ አላመነችሽም። አንቺ እንደወጣሽ፣ እኔንም ልጆቼ ስንቴ አዋርደውኛል ብላ ስቃ የሠርጉን ቀን ማውራት ጀመረች። እግርሽን አሳዪኝ አላለችኝም። ጨዋ ሴት ናት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ካልሲዬን አወለቅሁታ።»

እጄ እግሯ ላይ ቆመ።

«እታለማሁ ልትይዘኝ ሞከረች» አለች፣ እናቴን ማለቷ ነው። «ምን ታድርግ። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን ከባሌ ጋር በካልሲ ልተኛ? በየቅዳሜው ለሌላ ሰው ነው እያልኩ ቅባት ልግዛ? አንቺ ስትናገሪው ሰማሁት፤ ይበላታል፣ ይቀባላታል፣ አለቀ። እንዲህ ቀላል ነገር ኖሯል? ወጣ ካለ አይቀር ብዬ እዩት አልኳት። አየችው። አለቀሰች። ከዚያ ተነሣች።»

መጀመሪያ ያሰብኩት ልትምረኝ ነው የምትዋሸው ብዬ ነው። እኔ ይህን ስለምችልበት በሰውም እጠረጥራለሁ። ከዚያ ሳፋው አጠገብ የወደቁት ሁለት ግራጫ ካልሲዎች ትዝ አሉኝ።

«አንቺንም ትሂድ ያልኩ እኔ ነኝ» አለች። «ወሬው ወጥቶ ነበር። ቆይተሽ ቢሆን አንቺንም እግርሽን ያዩሽ ነበር። ሂጂ ተማሪ አልን። ብዙ ተማርሽ።» ይህን ያለችው እንደ ምስጋና አልነበረም፣ እንደ ወቀሳም አልነበረም።

እግሯን አንሥታ አየችው። ይበርዳት ወይም ያቃጥላት እንደሆነ ጠየቅኋት፣ ምንም አይልም አለችኝ። ከእግሯ ላይ የተረፈውን ቅባት በጣቷ ጠረገችና ጫማሽን አውልቂ አለችኝ። አንዱን አወለቅሁ። ካልሲዬን ራሷ ሳበችው። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር። ውስጥ እግሬን ከተረከዜ እስከ ጣቶቼ ዝቅ ብላ ቀባችኝ፣ ምንም ሳታስቀር።

«ሻንጣሽን አልጋው ሥር አይቼዋለሁ» አለች። «እስቲ መንገዱን ያስቀረው እንደሆነ።»

ተነሥታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። መኪናው ጀመረ፣ ወለሉም መንቀጥቀጥ። እኔ እዚያው ሳፋው አጠገብ ቀረሁ፤ አንዱ እግሬ ተቀብቷል፣ አንዱ ገና ጫማው ውስጥ ነው። መቼ እንደሚቆም መኪናውን አዳመጥኩ። ለረጅም ጊዜ አልቆመም።